ስለ መጀመሪያዪቱ ካራችን

ሰው በሕፃንነቱ የወደደውን ነገር እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲከተለው ይኖራል። አንዱ መጽሐፍ ይሰበስባል፤ ሁለተኛው ቴምብርና የጥንት ገንዘብ ያከማቻል። እኛም ከልጅነታችን ጀምረን ስለት ያለውን የእጅ ሥራ፣ ይኸውም ካራውን፣ ሰንጢውንና ጩቤውን ስንሰበስብ ኖረን፣ ዛሬ በቤታችን 34 ተቀምጠዋል። ብዙ ወዳጆቻችን «ይህ ፍቅር ከወዴት መጣባችሁ?» እያሉ ስለሚጠይቁንና ነገሩም ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር ስላለበት፣ የመጀመሪያዪቱን ካራ ታሪክ በዛሬው ዓምዳችን ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ ዓ. ም. መጨረሻ፣ በአዲስ አበባ በልደታ ሠፈር፣ በግንቦት 1 ቀን ነው። ይህ ቀን የእመቤታችን የልደት በዓል መሆኑን፣ ሠፈራችንም ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እንደ ልማዱ ጎረቤቱ ሁሉ ከቤት ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስቦ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ነበር። አያታችን ለበዓሉ የተገዛውን በግ በስመ አብ ብለው ካረዱ በኋላ ቆዳውን ሲገፉ፣ አጠገባቸው ቆመን እንመለከት ነበር። ካራዪቱ በእጃቸው ያለ ድካም ትሄድ ነበርና፣ ቆዳው አንድ ስፍራ እንኳ ሳይበሳ ተገፎ ወጣ።

ሥራው ሲያልቅ ካራዪቱን አጥበውና አድርቀው፣ ስለቷን ወደ ራሳቸው፣ እጀታዋን ወደ እኛ አዙረው ሰጡን። «እንካ ልጄ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት። ስለት ለሰው የሚሰጠው እንዲህ ነው» አሉን። ርዝመቷ አንድ ስንዝር ያህል፣ እጀታዋ የበሬ ቀንድ፣ አፎቷ ቆዳ ነው፤ ብረቷም ካሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው።

እኛም በደስታ «አባባ፣ ማን ነው የሠራት?» ብለን ጠየቅናቸው። አያታችን ከሠፈሩ ዳር ወዳለች አንዲት ቤት በአገጫቸው አመለከቱን። በዚያች ቤት አንድ ብረት ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። ካራዪቱን በዋዜማው ስሎ የላከው እርሱ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ከጎረቤቱ ሁሉ ከጥላው ሥር ያልተጠራ እርሱ ብቻ ነበር። «ስሙስ ማን ይባላል?» ብለን ብንደግም፣ አንዲት የጎረቤት ወይዘሮ «እረፍ አንተ ልጅ! በበዓል ቀን የጠይብ ስም አይነሣም» ብለው ገሠጹን። አያታችን ምንም አልተናገሩም። እኛም አፍረን ዝም አልን።

ከዚያች ቀን ወዲህ ስለት ያለው ነገር ሁሉ ዓይናችንን ይስበው ጀመር። ካፋር አገር ሁለት ወገን ስለት ያለውን፣ ጎበጥ ብሎ ከወገብ ፊት ለፊት የሚታጠቁትን ጊሌ አገኘን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማ ተሠርተው መጥተው፣ እጀታና አፎት በአገራችን ባለሙያ የተበጀላቸውን ጎራዴዎችም አየን። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ከውዳቂ ብረት ካራ የሚያወጡትን ሠራተኞች ቆመን መመልከት ለመድን።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ላላየው ሰው ነው። ባሌስትራ ከመቶ እጅ ግማሽ እጅ የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ብረት ስለ ሆነ፣ በወናፍ በሚነፋ ከሰል እስኪቀላ ግሎ፣ በመስፍ ላይ ተቀጥቅጦ፣ ኋላም ባንድ ጊዜ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል። ነገር ግን እንዲሁ ቢተዉት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለተኛ በለዘብታ እሳት ያሞቀዋል። የእሳቱን ልክ የሚያውቀው በብረቱ መልክ መለወጥ ነው። መለኪያው ዓይኑ፣ ትምህርት ቤቱም የአባቱ ቤት ነው።

የዚህን ጥበብ ጥንታዊነት ስናስብ ከብረት ዘመን በፊት እንኳ መሄድ ይገባናል። በአፋር በጎና ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው በቁፋሮ ያገኟቸውና በ1989 ዓ. ም. ለዓለም ያስታወቋቸው ስለታም ድንጋዮች፣ ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ በዓለም ከታወቁት እጅግ የቆዩ መሣሪያዎችም ይቆጠራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልካ ቁንጡሬም የጥንት ሰዎች ባልጩት እየፈለጡ ስለት ያወጡ ነበር። ይህም ስፍራ ከባልጭት ጋር በ2016 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጎናውን ድንጋይ የፈለጠውን ሰው ስም ማንም ሊያውቅ አይችልም። የእኛን ካራ የሠራውን ሰው ስም ግን ሳናውቅ የቀረነው ደፍረን ስላልጠየቅን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ንቀት መንግሥት እንኳ ሳይከለክለው የቀረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት አዋጅ፣ ብረት ሠሪውንም ሆነ ሸማኔውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከታወጀ ግማሽ ምእት ዓመት አልፎ ሳለ፣ በልደታ ጥላ ሥር የተቀመጥነው ሰዎች ግን በሰውየው ካራ አርደን፣ ሥጋውን በልተን፣ ስሙን መጥራት ተጸየፍን። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ልብን የሚከፍተው ግን የቤተ ሰብ ትምህርት ነው።

አድገን ሥራ ይዘን ስንመለስ ያን ሰው እንጠይቃለን እያልን ነገሩን ከዓመት ወደ ዓመት አሳደርነው። በመጨረሻ በሄድን ጊዜ ሰውየው ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኋላም በ2000ዎቹ ዓ. ም. መጀመሪያ አሮጌዎቹ የልደታ ቤቶች ፈርሰው ባለ ፎቅ ቤቶች ሲሠሩ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፤ የሚጠየቅም ሰው አጣን። ዛሬ ከስብስባችን እያንዳንዱ አጠገብ ሠሪውንና አገሩን የሚናገር ወረቀት አለ። ከመጀመሪያዪቱ ካራ አጠገብ ያለው ወረቀት ግን ባዶ ነው። ከሁሉ የምንወዳት እርሷ ሳለች፣ ከሁሉ ያነሰ የምናውቀውም ስለ እርሷ ነው።

ስለዚህ በቤታቸው የአባት ጎራዴ፣ የእናት ካራ ወይም ሌላ ቅርስ ላላቸው አንባቢዎቻችን ምክራችን ይህ ነው። ዕቃውን ከማጽዳት በፊት ታሪኩን ጻፉ፤ ማን ሠራው፣ በየት አገር፣ ከማን እጅ መጣ፣ ለምን ያገለግል ነበር? ብረት ቢዝግ ይጸዳል፤ የሽማግሌ ቃል ግን ካለፈ አይመለስም። ቀጥሎ ብረቱን አድርቃችሁ ጥቂት ዘይት ቀቡት። ለብዙ ጊዜ በቆዳ አፎት ውስጥ አትተዉት፤ ቆዳ እርጥበት ስቦ ያዝገዋልና። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ የሆነ ጎራዴ ያለው ሰው፣ የዚህ ቀንድ ንግድ በዓለም ስምምነት የተከለከለ መሆኑን ይወቅ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ካገር ማስወጣትም በ1992 ዓ. ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ ያስቀጣል።

ስብስብ ሲጠበቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ይሂድ። ይህ ሙዚየም ያለው በ1954 ዓ. ም. ለዩኒቨርስቲው በተሰጠው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሹም ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ስብስቡን ሲጀምሩ፣ ብዙ ሰው የማይመለከተውን የዕለት ዕቃ ሳይንቁ በማከማቸታቸው፣ ዛሬ የያገሩ ሰው ኑሮ በዚያ ይታያል።

እኛም በቅርቡ ያን ባዶ ወረቀት አውጥተን «ሠሪው የልደታ ሰው፤ ስሙ ሳንጠይቅ የቀረ» ብለን ጻፍንበት። ካራዪቱንም ላንዲት የልጅ ልጃችን እጀታዋን ወደ እርሷ አዙረን ሰጠናት። ልጅቱም ወዲያው «ማን ነው የሠራት?» ብላ ጠየቀችን። የምንመልሰው ስም አልነበረንም፤ ታሪኩን ግን ሳንደብቅ ነገርናት። አንባቢዎቻችን በመጪው የግንቦት ልደታ ከጥላው ሥር ሲቀመጡ፣ ካራውን የሳለውን ሰው ከነስሙ እንዲጠሩት እንለምናለን።