ምራቂ ከሙሉ ስፍር በኋላ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከግቢያችን በር ላይ ቆሎ ከሚሸጡት እናት ሁለት ብርጭቆ ገዛሁና «እማማ፣ ይመርቁልኝ እንጂ!» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «እደግ፣ ተመንደግ!» ብለው ዝም አሉ። አብረውኝ የነበሩት በሳቅ ፈነዱ። ኋላ ግን አንድ እፍኝ ዘግነው ኪሴ ውስጥ ጨመሩልኝ።

ቀልዳቸው ሲያሳስበኝ ሰነበተ። «መረቀ» የሚለው ግስ ስንቱን ተሸክሟል! ሽማግሌ ሲመርቅ ምርቃት፣ ነጋዴ ሲመርቅ ምራቂ፣ ተማሪም ሆነ ድልድይ ሲመረቅ ምረቃ ይባላል። (የጫቱን ምርቃና ለሌላ ቀን እናቆየው፤ የሚያውቁት ያውቁታል።) ታዲያ እፍኝ ቆሎንና የአባቶችን ቃል ምን አዛመዳቸው? እንደ እኔ አስተያየት የሚያዛምዳቸው ተራቸው ነው። አዛውንቱ የሚመርቁት ተበልቶ ተጠጥቶ ማዕድ ሲነሳ ነው። ድልድዩ የሚመረቀው ተሠርቶ ሲያልቅ ነው። እማማም እፍኛቸውን የጨመሩልኝ ብርጭቆው ጢም ብሎ ከተሰፈረ በኋላ ነው። ይህንን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው «ሽማግሌ እኮ ሥራ ሲጀመርም ይመርቃል» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው፤ በሽማግሌው ተረትቻለሁ። በቆሎው ግን አልረታም። ብርጭቆው ጎድሎ እፍኝ ቢጨመርልኝ ኖሮ የተሰጠኝ የራሴው ሒሳብ ነበር።

በእንግሊዝ አገር በ13ኛው ክፍለ ዘመን የዳቦን ክብደት የሚቆጣጠር ሕግ ወጥቶ ነበር። ጋጋሪዎቹ ጎድሎ ተገኘ ተብለው እንዳይቀጡ በደርዘን አሥራ ሦስት ዳቦ ይሰጡ ነበር ይባላል። ይኼ በእኛ ቋንቋ ምራቂ ሳይሆን የጉድለት መሸፈኛ ነው።

ዛሬ በትምህርት ቤት የሰፈነው ቃል ደግሞ «ቦነስ» ነው። ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጥሩ» ማለት ነው። ጥሩ መሆኑን እንጂ ከምን በኋላ እንደሚመጣ ቃሉ አይናገርም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል ባይ ነኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ መምህራችን ደብተር ለሚሸከምላቸው ልጅ አምስት ማርክ ቦነስ ይሰጡ ነበር። ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ልሸሽገው አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከጎኔ የምትቀመጠውን ልጅ በሁለት ማርክ በለጥኳት። ያልገባኝን ሁሉ ስታስረዳኝ የከረመችው እሷ ነበረች! ማርክ የተነገረን ዕለት አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ከዚያ ወዲያም ደብተሯን አላሳየችኝም። መምህሩ በዚያ ሴሚስተር መጽሐፉን ከግማሽ አላሳለፉትም። እንግዲህ ስፍሩ ለሁላችንም ጎድሎ ነው ለእኔ የተመረቀልኝ። አሥረኛ ክፍል ስገባ ያ ያልተማርነው ግማሽ አምስቱን ማርክ ከነወለዱ አስከፈለኝ።

ቦነስ ጨርሶ ይቅር አላልኩም። ምዕራፉ አልቆ፣ ፈተናው ከመቶ ታርሞ፣ ከዚያ በላይ ለሁሉም ተማሪ ክፍት የሆነ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ቢጨመር እሰየው፤ እሱ ምራቂ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከሰዓት በኋላ ለደካማ ተማሪዎች የሚቀመጥ መምህርም መረቀ ይባላል። ክፍለ ጊዜውን አባክኖ ቅዳሜ ማካካሻ የሚጠራ ግን ዕዳውን ከፈለ እንጂ ምን መረቀ?

የማስተማር ልምምድ ስንወጣ የማርክ መዝገብ በእጃችን ይገባል። እኔ በበኩሌ ከመቶው ለይቼ «ምራቂ» የሚል አንድ ዓምድ አሰምርበታለሁ፤ ለምን እንደተሰጠም ጎኑ ላይ እጽፋለሁ። ደብተር ስለተሸከመልኝ ብሎ ለመጻፍ እጄ የሚታዘዝልኝ አይመስለኝም። ይህን ስጽፍ መምህራኖቻችንም እንደሚያነቡት አውቃለሁ። የተለየ ሐሳብ ያለው ከዚሁ ጎን ይለጥፍ፤ ሰሌዳው ላይ ገና ቦታ አለ።