ለይምሰል የተተከለ ፓምፕ እሳት አያጠፋም

በአዲስ አበባ አንድ የንግድ ሕንፃ ለኪራይ ወይም ለሽያጭ ሲቀርብ ደላላው የሚዘረዝረው የታወቀ ነው። ሊፍቱ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ጄኔሬተሩ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ምድር ቤቱ ስንት መኪና እንደሚያቆም፣ ካሬው በስንት ብር እንደሚከራይ ይነገራል። በምድር ቤቱ ጥግ ቀይ ቀለም ተቀብቶ የቆመው የእሳት አደጋ ፓምፕ ግን ከተጠቀሰም «አለው» በምትል አንዲት ቃል ይታለፋል። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው? ውኃ የሚስበው ከየት ነው? መብራት ቢጠፋስ? ብሎ የሚጠይቅ ገዢም ሆነ ተከራይ ከስንት አንድ ነው። ገበያው የማይጠይቀውን ነገር ደግሞ ሻጭ አሳምሮ አያቀርብም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ፣ የእሳት አደጋ መኪኖች በመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ ምክንያት እንደልብ መግባት አለመቻላቸው በወቅቱ ተነግሯል። መንገድ ማስፋትም ሆነ መኪና መጨመር ተገቢ ነው። ነገር ግን መኪናው እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች ውስጥ እሳቱ ከአንድ ሱቅ ወደ አንድ ፎቅ፣ ከአንድ ፎቅ ወደ ሙሉ ሕንፃ የሚዛመት ከሆነ የመኪናው ብዛት የነጋዴውን ሸቀጥ አያድንም። መኪና በቀላሉ የማይደርስበት ሕንፃ የራሱን እሳት አጥፊ በውስጡ ይዞ መገኘት አለበት። ስፕሪንክለር የሚባለው መሣሪያ ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በኮርኒሱ በኩል በተዘረጋው ቧንቧ ላይ ባለው በእያንዳንዱ የመርጫ ራስ ጫፍ ላይ ፈሳሽ የያዘች ትንሽ የመስተዋት ብልቃጥ አለች። በሱቅና በቢሮ የተለመደችው ቀይዋ ብልቃጥ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስትሞቅ ትሰበራለች፤ ውኃውም እሳቱ ካለበት ቦታ ላይ ይረጫል። ብዙ ሰው በፊልም እንዳየው አንዱ ራስ ሲከፈት የሕንፃው ሁሉ ራሶች አብረው የሚከፈቱ ይመስለዋል። «እሳቱ የተወልኝን ውኃ ይጨርስብኛል» የሚለው የነጋዴ ሥጋትም ከዚህ የመነጨ ነው። እውነቱ ግን እያንዳንዱ ራስ ለብቻው በራሱ ሙቀት የሚከፈት መሆኑ ነው። በአሜሪካ በተሰበሰበው መረጃ መሠረት ስፕሪንክለር ከሠራባቸው ቃጠሎዎች ከአራቱ በሦስቱ ገደማ የተከፈተው አንድ ራስ ብቻ ነው። አንድ የተለመደ ራስ በ1 ባር ግፊት የሚለቀው በደቂቃ 80 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ዘግይቶ የደረሰ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በያዘው ጎማ የሚለቀው ብዙ መቶ ሊትር ነው። ሸቀጥን በውኃ የሚያበላሸው እንግዲህ የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለዚህ ትልቁ ምስክር እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የደረሰው ቃጠሎ ነው። ባለ 38 ፎቁ ሕንፃ ከ22ኛው ፎቅ መንደድ ጀመረ። የሕንፃው ኤሌክትሪክ ተቋረጠ፤ መጠባበቂያውም አልደረሰለትም። የውኃ ግፊት የሚቀንሱት ቫልቮች በትክክል ስላልተስተካከሉ ጎማዎቹ በቂ ውኃ አላገኙም። 3 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ ሕንፃው ይናዳል ተብሎ ስለተሠጋም የቀሩት እንዲወጡ ታዘዙ። እሳቱ ፎቅ በፎቅ እየወጣ 8 ፎቆችን ካወደመ በኋላ 30ኛው ፎቅ ሲደርስ ቆመ። ያቆመውም በዚያ ፎቅ የነበረው ስፕሪንክለር ነው፤ የተከፈቱትም 10 ራሶች ብቻ ነበሩ። ሕንፃው ዳግመኛ ሳይከፈት እ.ኤ.አ. በ1999 ፈርሶ አለቀ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ሌሊት፣ የሚሠራና የማይሠራ መሣሪያ ልዩነት እንዲህ ጎልቶ የታየበት አጋጣሚ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ስፕሪንክለር ያለ ፓምፕና ያለ ውኃ ጌጥ ነው። ሒሳቡን ማስላት ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአሜሪካ ደንብ ለመደበኛ ሱቆች በአንድ ካሬ ሜትር በደቂቃ 8.1 ሊትር ያህል ውኃ በ139 ካሬ ሜትር ላይ እንዲረጭ ይጠይቃል። ይህም በደቂቃ 1,130 ሊትር ገደማ ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ጎማ የሚታሰበው 950 ሊትር ሲጨመርበት ከ2,000 ሊትር ያልፋል። ይህ ቢያንስ ለ60 ደቂቃ መቆየት ስላለበት ወደ 125 ሜትር ኩብ ውኃ ተከማችቶ መጠበቅ አለበት። ጣሪያ ላይ በተቀመጠ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ እተማመናለሁ የሚል ባለ ሕንፃ ቢኖር የተማመነው 5 ደቂቃ በማይሞላ ውኃ ነው። ዕቃው ከ3.7 ሜትር በላይ የሚከመርበት መጋዘን ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ከዚህም እጅግ ከፍ ይላል።

ግፊቱም እንዲሁ ነው። 42 ሜትር ከፍታ ላለው ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ውኃውን ወደ ላይ ለማውጣት ብቻ 4 ባር ያህል ይጠፋል። በላይኛው ፎቅ ላለው የጎማ መግጠሚያ የሚፈለገው 6.9 ባር ሲጨመር፣ በቧንቧው ውስጥ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ ከ11 ባር አያንስም። ለመጸዳጃ ቤት ውኃ የሚገፋ ተራ ፓምፕ ቀይ ቀለም ስለተቀባ ብቻ ይህን ሊሠራ አይችልም።

አዲስ አበባ ደግሞ የራሷ ሦስት ጠባዮች አሏት። የመጀመሪያው ከፍታዋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። የፓምፑ ደንብ በሚያስቀምጠው ስሌት ቅነሳው ከ20 በመቶ በላይ ይሆናል። በካታሎግ 100 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ 80 እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ፓምፕ ከበታቹ ካለ ገንዳ ውኃ የመሳብ አቅሙም ይዳከማል፤ በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ ሲሸከም በአዲስ አበባ 8 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ፓምፑ ከገንዳው በላይ ሳይሆን ውኃው በራሱ ክብደት ወደሚሞላው ቦታ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ለዱባይ የተመረጠን ፓምፕ እንዳለ አምጥቶ እዚህ መትከል ገንዘብ መጣል ነው።

ሁለተኛው መብራት ነው። እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚደረገው የሕንፃውን ኤሌክትሪክ መቁረጥ ነው። የፓምፑ መስመር ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ በፊት ተለይቶ ካልወጣ፣ ወይም የናፍጣ ሞተር ከሌለው፣ በሚፈለግበት ደቂቃ ይሞታል። ሦስተኛው ውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእሳት የተጠራቀመው ውኃ ለልብስ ማጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ሲውል ማን ያያል? መፍትሔው ውድ አይደለም። የዕለት ፍጆታው ቧንቧ ከገንዳው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከወጣ የታችኛው ውኃ ሳይነካ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ የሚታወቅ ምሕንድስና ነው። ታዲያ ለምን አይሠራበትም? መልሱ ከኢኮኖሚው ዘንድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ሕንፃዎች ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ከሚሻው ምድብ አስገብቷቸዋል። ነገር ግን የፈቃድ ቁጥጥር ሕንፃው ሲሠራ የሚደረግ ነው፤ የፓምፑ በሽታ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባትሪው ይደክማል፣ ናፍጣው ይቀዳል፣ የሚያንጠባጥብ ራስ ተገኘ ተብሎ ዋናው ቫልቭ ይዘጋና በዚያው ይረሳል። በአሜሪካ መረጃም ስፕሪንክለር ላለመሥራቱ ዋነኛው ምክንያት አስቀድሞ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። ለጥገና የሚከፍለው አከራዩ ሲሆን ሸቀጡ የሚቃጠልበት ተከራዩ ነው። የአከራዩ መድን ሕንፃውን እንጂ የተከራዩን ዕቃ አይክስም። ከፋዩና ተጎጂው የተለያዩበት ገበያ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚገባው በታች ጥንቃቄ ያመርታል።

ይህን ቋጠሮ ሌሎች አገሮች የፈቱት በገበያ ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው ዘካርያስ አለን ፋብሪካውን ከእሳት የሚጠብቅ ማሻሻያ አድርጎ የመድን ዓረቦኑ እንዲቀነስለት ቢጠይቅ እምቢ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1835 መሰሎቹን ሰብስቦ የራሳቸውን የጋራ መድን አቋቋመ፤ አባል የሚሆነው ጥንቃቄው ታይቶ ነበር። ሄንሪ ፓርምሊ እ.ኤ.አ. በ1874 የሠራውን የስፕሪንክለር ራስ በኋላ ፍሬድሪክ ግሪኔል ሲያሻሽለው መሣሪያውን በፋብሪካዎች ያስፋፉት እንዲህ ያሉት መድን ሰጪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1896 የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ሲመሠረትም ዋናው ጉዳይ የስፕሪንክለር አተካከል አንድ ወጥ ደንብ እንዲኖረው ነበር።

የአገር ውስጥ የመድን ኩባንያዎችም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ዓረቦን ሲተምኑ «ፓምፕ አለው ወይ?» በሚለው ጥያቄ መብቃት የለባቸውም። የሚጠየቁት ወረቀቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ፓምፑ ሲተከል በሙሉ አቅሙ መፈተኑን የሚያሳይ ሰነድ ነው፤ ደንቡ ከተመዘገበለት የውኃ መጠን 150 በመቶ ሲለቅ ግፊቱ ከ65 በመቶ እንዳይወርድ ይጠይቃል። ሁለተኛው የናፍጣው ፓምፕ በየሳምንቱ ለ30 ደቂቃ መሥራቱን የሚያሳይ መዝገብ ነው። ሦስተኛው ቫልቮቹ ተከፍተው መቆለፋቸውን የሚያረጋግጥ የምርመራ ውጤት ነው። ሦስቱን ላቀረበ ዓረቦኑ ይቀነስለት፤ ላላቀረበ ይጨመርበት። ሕንፃ በመያዣነት የሚቀበሉ ባንኮችም ከግምት ሰነዱ ጋር ይህንኑ ቢጠይቁ የሚጠብቁት የራሳቸውን ብድር ነው። ለጠለፋ መድን ሰጪዎች የሚቀርበው ስጋትም የተሻለ ገጽታ ይኖረዋል።

ወጪው ይከብዳል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። ፓምፑም ሆነ የመርጫው ራስ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በብር ሲታሰብ ዋጋው ንሯል። ነገር ግን ይህ ክርክር ለፈተናና ለጥገና የሚሟገት ነው። በውድ ዶላር ተገዝቶ፣ ቦታ ይዞ፣ ፈቃድ አስገኝቶ፣ በእሳት ቀን የማይነሣ ፓምፕ ከሁሉ የከፋ ወጪ ነው። ሳምንታዊው ፍተሻ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ናፍጣና አንድ የሠለጠነ ሠራተኛ ነው። ፈትኖ የሚመሰክር ነፃ ድርጅት ማቋቋምም ብዙ ካፒታል የማይፈልግ የሥራ መስክ ነው።

ተከራዩም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ዕቃ እስከ ኮርኒስ ሲከምር የመርጫውን መንገድ ይዘጋል፤ ከራሱ በታች ቢያንስ 46 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። ሱቁን በጂፕሰም ለሁለት ከፍሎ ሲያከራይም ስፕሪንክለር ያልታሰበለትን አዲስ ክፍል ይፈጥራል። በኪራይ ውሉ ላይ የአከራዩ ፈተና የማድረግ፣ የተከራዩ ደግሞ ቦታ ያለመዝጋት ግዴታ በጽሑፍ ቢሰፍር ለሁለቱም መልካም ነው።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ሕንፃ የሚያሻሽጥ ደላላ ከካሬው ዋጋ ቀጥሎ የፓምፑን መዝገብ ማሳየት የጀመረ ዕለት፣ ያልተመዘገበበት ሕንፃ ዋጋው ይወርዳል። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ባለቤቱ ተቆጣጣሪ ሳይመጣበት ፓምፑን ያስነሣል።