ጥዱን ማን ቆጠረው?

በግ ከጠፋብን በዚያው ምሽት እናውቃለን። ማታ ሲገቡ እንቆጥራቸዋለና። ከመንደራችን በላይ ያለው ጥድ ሲሳሳ ግን ማንም ልብ አላለም። የሚተከል ችግኝስ ይቆጠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በሬዲዮ ተነግሯል። መትከሉ ደግ ነው። ራሱ የበቀለውን የዱር ጥድ ግን ስንት ቀረ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ እኛው እንቁጠረው እላለሁ።

ባለፈው ጥቅምት እኔና ጎረቤቶቼ ያለ አበል፣ በፈቃዳችን ወጣን። የያዝነው ደብተር፣ እርሳስ፣ ኖራና 20 ሜትር ገመድ ነው። (በምሥራቅ አፍሪካ የዚሁ ጥድ እንጨት ለእርሳስ መሥሪያ ይሰነጠቅ ነበር።) በገመዱ ጎኑ 20 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን እንለካና በየማዕዘኑ ድንጋይ እንክባለን። ከርሞ በዚያው ቦታ ካልቆጠርን ልፋቱ ከንቱ ነዋ! የተቆጠረውን ዛፍ ኖራ እንቀባዋለን። በመጥረቢያ ምልክት ማድረግ አይገባም፤ ልጡ ይቆስላል።

የሐበሻውን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ ለዩ። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ እንጨት ደረቅ ነው። የሐበሻው ፍሬ ትንሽና ለስላሳ ነው፤ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናል። ፍሬ የሌለው ሁሉ መካን አይደለም። ጥድ ወንድና ሴት አለው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። «ይህ አያፈራም» ብለን ወንዱን ሁሉ ብንቆርጥ የሴቷ ፍሬ አይበቅልም።

ቡቃያው ደግሞ ያሳስታል። የትልቁ ጥድ ቅጠል እንደ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ የቡቃያው ግን እንደ መርፌ ይዋጋል። ይህን ያላወቀ ሌላ ተክል ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ስንቱን አልፌዋለሁ።

በደብተሩ ላይ ቀኑንና ቦታውን እንጽፋለን። ቀጥሎ ከጉልበት በታች ያለውን፣ ከሰው ቁመት በታች ያለውን፣ ትልቁን፣ ቆሞ የደረቀውን፣ ጉቶውንም ለየብቻ እናሰፍራለን። እኔን ያስደነገጠኝ ከጉልበት በታች የሚለው ነው። ከብት በሚሰማራበት ተረተር ላይ ግንዱ የወፈረ ጥድ ሞልቶ ሳለ ይህ ረድፍ ባዶ ሆነ። ከከብት በተከለለው በኩል ግን ቡቃያ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱም ጫካ ነው። አንደኛው ግን ልጅ የሌለበት የሽማግሌዎች ቤት ነው።

ይህ በእኛ ብቻ አልደረሰም። በብሪታንያ የሚበቅለው የዱር ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥቋጦ ነው። እዚያም ፈቃደኞች በየተራራው እየዞሩ ይቆጥሩታል። በብዙ ቦታ ያገኙት ያረጀ ቁጥቋጦ ነው፤ በግና ጥንቸል ስለሚግጡት ተተኪ አጥቷል። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በትግራይና በአፋር መካከል ባለው በደስአ ጫካ ጥዱና ወይራው ቆሞ እየደረቀ መሆኑን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይህም የታወቀው ወጥተው ስለቆጠሩ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ግን «የተጻፈ ነገር ሁሉ ግብር ያመጣል፤ ተዉት» አሉን። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በጫካ ስም መሬት ተከልሎ፣ ገበሬው ጭራሮ እንኳ እንዳይለቅም የተደረገበት ጊዜ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ባንጽፈውም የሚመጣው አይቀርም። ያን ጊዜ «ጫካችሁ እንዴት ነበር?» ብንባል «ብዙ ነበር» ከማለት በቀር ምን መልስ አለን? ደብተሩ በእጃችን ከሆነ የምንናገረው በቁጥር ነው። ስለዚህ ደብተሩ ከመንደሩ አይውጣ። የሚፈልግ መጥቶ ይገልብጥ።

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን ዱላቸውን ይዘው መጡና የገመዱን ጫፍ ያዙልን። «በእኔ አጥር ውስጥ ያሉትን ግን እንዳትጽፍ» አሉኝ። አልጻፍኩም። ለሚመጣው ጥቅምት እንጠይቃቸዋለን።