ስለ ፎቶግራፍ ሙከራ፤ መልካችንን የሚወስነው ማነው?

ስለ ፎቶግራፍ ሥራ በተማሪዎች መካከል በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ፊልም ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነውና ሙዚየም ይግባ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ በኮምፒዩተር የተነካ ፎቶግራፍን ሁሉ ሐሰት ነው እያለ ያወግዛል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል። ይኸውም በካሜራ ውስጥ የሠሪው ሰው ፍርድ ተቀምጦ የሚገኝ መሆኑ ነው። ይህን ፍርድ ለይቶ ለማወቅ በፊልምም ሆነ በኮምፒዩተር በገዛ እጅ ሞክሮ ከማየት የተሻለ መንገድ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ለማስረዳትና አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን ለማቅረብ ነው።

ሁላችንም ከምናውቀው ምሳሌ እንጀምር። አንዲት ጠይም ሴት በበዓል ቀን ነጭ የሀገር ልብስ ለብሳ ፎቶግራፍ ስትነሣ፥ ልብሱ ጥርት ብሎ ሲወጣ ፊቷ ጠቁሮ መልኳ ሳይለይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰዎች ይህን የፎቶ አንሺው ጥፋት ወይም የመልኳ ዕድል አድርገው ይቆጥሩታል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የተለመደው የካሜራ ብርሃን መለኪያ፥ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ካረፈበት ብርሃን ወደ 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ነው በሚል ግምት የተሠራ ነው። ነጩ ሸማ ምስሉን በሞላው ጊዜ መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ቅነሳው የሚጎዳው ግን ፊቷን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ መለካት፥ አለዚያም መለኪያው ካዘዘው እጥፍ ያህል ብርሃን ማስገባት ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው የሚገምት መሆኑን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን ከየት ያመጣዋል?

የቀለም ፊልም ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኮዳክ ኩባንያ ፊልም አጣቢ ቤቶች የሕትመታቸውን ቀለም እንዲያስተካክሉበት አንድ ካርድ ይልክላቸው ነበር። በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ስትሆን ካርዱም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የሸርሊ ፊት ካማረ ሕትመቱ ትክክል ነው ተብሎ ይታለፋል። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፥ ፊልሙ የቡናማ ቀለምን ደረጃዎች በደንብ እንዲለይ ኩባንያውን የገፋፉት የቸኮላትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው። የሰው ፊት ያላስገኘውን ማሻሻያ ቸኮላትና ጠረጴዛ አስገኙት ማለት ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ዲጂታል ከመጣ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀርቷል የሚል ይኖር ይሆናል። በ1957 አሜሪካዊው ራስል ከርሽ የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገባ ምስሉ በወርድ 176፥ በቁመት 176 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። በ1975 ስቲቨን ሳሰን በኮዳክ የሠራው ዲጂታል ካሜራ አንድን ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረገው እርምጃ በእውነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ዲጂታል ምስል የቁጥር ሰንጠረዥ መሆኑን አንርሳ። በተለመደው አሠራር 0 ጥቁር፥ 255 ነጭ ነው፤ በመካከል ያሉት ደግሞ ግራጫዎች ናቸው። ቁጥሮቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ደንብ ሰው የጻፈው ነው። ፊትን ለማሳመር ተብለው የተሠሩ ብዙ የስልክ ማጣሪያዎች ሳይጠየቁ ፊት ያቀላሉ። ጉግል የጠቆረ ቆዳን በትክክል ለማሳየት «ሪል ቶን» ያለውን ማስተካከያ በፒክስል 6 ስልኩ ያወጣው በ2021 ነው። ከሸርሊ ካርድ እስከዚህ ድረስ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ አልፏል።

ታዲያ ፊልም ለምን ያስፈልጋል ለሚለን ወዳጅ መልሳችን ይህ ነው። በስልክ ውስጥ የሚሠራው ሥራ በቅጽበት ስለሚያልቅ ዐይን አይከተለውም። በፊልም ግን እያንዳንዱ ደረጃ ጊዜ ወስዶ በእጅ ይዳሰሳል። ከዚህም በላይ ሁለቱ የሚሳሳቱት በተቃራኒ መንገድ ነው። በኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ካነሰ የጥላው ዝርዝር ጭራሹን ሳይመዘገብ ይቀራል። በዲጂታል ደግሞ ብርሃን ከበዛ ነጩ ክፍል 255 ላይ ደርሶ ይደፈናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ በፊልም ለጠይሙ ፊት፥ በዲጂታል ለነጩ ሸማ መጠንቀቅ ይገባል። ይህን በቃል ከመሸምደድ አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ይበልጣል።

መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ ነው ብሎ ተስፋ መቁረጥም አይገባም። በ1995 በአሜሪካ የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ከስኮት ዊልያምስ ጋር ሆነው ፊልምን በቡና ማጠብ እንደሚቻል አሳይተዋል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይክ አሲድ ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ብር ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ በሙከራ በተሻሻለው ቅመም፥ ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም ሶዳ አሽ፥ 16 ግራም ቫይታሚን ሲና 40 ግራም በቅጽበት የሚሟሟ ቡና ተጨምሮ በ20 ዲግሪ ሙቀት ጥቁርና ነጭ ፊልም በ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል። ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር ብቻ ለብቻው መገዛት አለበት። ቡናን ለዓለም ባበረከተች አገር፥ ሶዳ አሹም ከአብያታ ሐይቅ በተመረተባት አገር፥ ይህን ሙከራ ከመጽሐፍ አንብቦ ብቻ ማለፍ ያሳፍራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንመለስ። ምስልን መነካካት ውሸት ነው ይሉናል። ዱሮም ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቩን በእርሳስ እየጠገኑ፥ ጥቁርና ነጩን በእጅ ቀለም እየቀቡ ይሠሩ ነበር። ደግሞም ካሜራው ራሱ አስቀድሞ ፈርዶ የሰጠንን ምስል «ያልተነካ» ብሎ መጥራት ራስን ማታለል ነው። ውሸት የሚሆነው የተደረገውን መደበቅ ነው። በተለይ ለዜናና ለማስረጃ በሚቀርብ ፎቶግራፍ ላይ ያልነበረን መጨመር፥ የነበረን ማጥፋት ፈጽሞ አይፈቀድም። ሙከራ ግን የተሠራውን አንድ በአንድ ጽፎ ከሥሩ እስካኖረ ድረስ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሥራ አይለይም።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፥ መስኮት የሌላት አንዲት ትንሽ ክፍል ይፈለግልን። ፊልሙ ወደ ማጠቢያ ጣሳው እስኪገባ ድረስ ብቻ ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሥራ በብርሃን ይሠራል። የታጠበውን ኔጋቲቭ ብርሃን በሚሰጥ ሰሌዳ ላይ አድርጎ በስልክ አንሥቶ እያንዳንዱን ቁጥር ከ255 ላይ በመቀነስ ምስሉን መገልበጥ ይቻላል። ሁለተኛ፥ ፊልም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑን ስለማንክድ፥ ለመጀመሪያው ሙከራ ባለ 36 አንድ ጥቅል ብቻ ይበቃናል። ከቀይ እስከ ጥቁር ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ተማሪዎች ነጭ ሸማ ለብሰው በጥላና በፀሐይ በፊልምም በስልክም ይነሡ፤ ውጤቱም ከነማስታወሻው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ሦስተኛ፥ ኔጋቲቩና ያልተነካው የስልክ ምስል ምንጊዜም ለብቻ ይቀመጡ።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የኬሚስትሪው መምህር የቡናውን ነገር፥ የሒሳቡ መምህር የቁጥሩን ሰንጠረዥ፥ የሕግ መምህሩም ስለ ማስረጃ የተነሣውን ክርክር መጥተው ቢያስረዱን ሥራው የጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ይሆናል።

በስቴንስል የምትባዛው ይህች ጋዜጣችን ፎቶግራፍ አጥርታ ለማተም ዐቅም የላትም። ስለዚህ ውጤቱን ለማየት የፈለገ ሁሉ ከግድግዳው ፊት ቆሞ ማየት ይኖርበታል። ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል። እኛም የምንጠይቀው ፍርዱ በፋብሪካ ሳያልቅ ወደ እኛ እንዲመለስ ነው።