ስለ ፎቶግራፍና ስለ ቤተ ሰብ መታሰቢያ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ ለፎቶግራፍም የሚስማማ መሆኑን በቤታችን ከደረሰው ነገር ስለ ተረዳን፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

እናታችን ባረፉ በዓመቱ ሣጥናቸውን ብንከፍት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አገኘን። ስምንት ሰዎች በድንኳን ፊት ቆመዋል። ከእነርሱም አንዱ አያታችን እንደ ሆኑ በግንባራቸው ጠባሳ ዐወቅን። የቀሩት ሰባቱ እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ጀርባውን ብንገለብጠው ግን አንድ ፊደል እንኳ አልተጻፈበትም። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሃያ ዓመት ያህል ስንቆይ፤ ቀንና ስም የሌለው ወረቀት ለማስረጃ እንደማይበቃ ለባለጉዳዩ ሁሉ ስንነግር ኖረናል። በገዛ ቤታችን ግን እናታችንን በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን ሳንጠይቃቸው ቀረን።

የፎቶግራፍ ጥበብ ለዓለም የተገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ዳጌር በሚባል ፈረንሳዊ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ ሥዕሉ የሚወጣው ብር በተለበጠ የመዳብ ሠሌዳ ላይ ስለ ነበረ፤ የሚነሣው ሰው ሳይንቀሳቀስ ብዙ መቆየት ነበረበት። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 መቶ ሥዕል የሚያነሣውን ኮዳክ የተባለ ትንሽ መኪና ባወጣ ጊዜ ግን ሥራው ከባለሙያ አልፎ ለቤተ ሰብ ደረሰ። በአገራችንም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ወረሱ።

የፎቶግራፍ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ በልዑል ዓለማየሁ ይታወቃል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ በ1860 ዓመተ ምሕረት ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ አገር ሲወሰድ የሰባት ዓመት ሕፃን ነበረ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ዋይት በምትባል ደሴት አነሣችው። በ1872 ዓመተ ምሕረት በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተ። ያ ያዘነ የሕፃን ፊት ግን ከነስሙ ስለ ተጠበቀ፤ እነሆ ዛሬም ያየው ሁሉ ያዝናል።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጃችን ጸጸታችንን ብትሰማ «አባባ፤ እኔ የቤታችን ፎቶግራፍ አንሺ ልሁን» አለችን። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ብለው ነቀፉ። እርሷ ግን አሮጌውን ሥዕል ይዛ፤ በዕድሜ ከእናታችን ወደሚበልጡት አክስታችን ሄደች። ዓይናቸው ስለ ደከመ በስልኳ አጉልታ የእያንዳንዱን ፊት ብታሳያቸው፤ የአምስቱን ስም ከነአባታቸው ነገሯት፤ ሁለቱን ግን አላወቋቸውም። ሲናገሩም ሳለ በበሩ በሚገባው ብርሃን አጠገብ አስቀምጣ አነሣቻቸው። የቀትር ፀሐይ ፊትን እንደሚያጨልም፤ ሰውም መኪናውን እስኪረሳ መታገሥ እንደሚገባ የተማረችው በዚያ ቀን ነው።

ከሦስት ወር በኋላ አክስታችን ዐረፉ። በልቅሶው ቀን በሕዝቡ ፊት የቆመው ሥዕል ልጃችን ያነሣችው ነበረ፤ የነቀፉትም ዘመዶች ለእኛም ይሰጠን ብለው ለመኑ።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። አንደኛ፤ በየፎቶግራፉ ጀርባ ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን በለስላሳ እርሳስ በጠርዙ ላይ ጻፉ፤ ቀለም ዘልቆ ሥዕሉን ያበላሻልና። ሁለተኛ፤ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከምድጃ ጢስ አርቃችሁ በወረቀት ከረጢት አኑሩት እንጂ በሙጫ አታጣብቁት፤ ስትይዙትም የጣት ላብ እንዳያገኘው በጠርዙ ያዙት። ሦስተኛ፤ በስልክ ያነሣችሁት ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፤ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ቅጂ አኑሩ፤ የተመረጠውንም በወረቀት አሳትሙ። አራተኛም፤ ድግስንና ሠርግን ብቻ ሳይሆን እናት ስትፈትል፤ አባት ሲያነብ አንሡ።

እኛም በአሮጌው ሥዕል ጀርባ የስድስቱን ስም ጻፍን፤ ለሁለቱ ግን ባዶ ቦታ ተውን። ከእናንተ መካከል ሽማግሌ አባት ወይም እናት ያለው፤ ሣጥኑን ዛሬውኑ ከፍቶ አጠገባቸው ይቀመጥ።