መቀርቀሪያው ስለ ጠበቀ ማጠፊያው ጤነኛ ነው?

በብዙ ቤት አንድ ያረጀ በር አይጠፋም። ማጠፊያው ስለ ተበላ ዝቅ ብሎ ወለሉን ይፈጫል፤ የቤቱ ሰው ግን ብድግ አድርጎ ሲገፋው መቀርቀሪያው ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። ለእንግዳ ዓይን በሩ ደህና ነው። እውነቱን የሚያውቀው ብድግ አድርጎ የሚዘጋው ሰው ብቻ ነው። ስለ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ መበላት በተለምዶ የሚሰጠው ፍርድም የዚህ እንግዳ ፍርድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት የብረት ቱቦዎች ጎን ለጎን የተጣመሩበት የእንግሊዝ የአደን ጠመንጃ አሠራሩ ከበር ብዙ አይርቅም። ቱቦዎቹ ከስራቸው ባለው መንጠቆ በማጠፊያው ፒን ላይ ተይዘው ወደ ታች ይከፈታሉ። ሲዘጉ የኋላ ጫፋቸው ከአንድ የብረት ግድግዳ ጋር ይገጥማል፤ ተንሸራታች መቀርቀሪያም ከስር ይነክሳቸዋል። የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጄምስ ፐርዲ በ1863 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ባለ ሁለት ንክሻ መቀርቀሪያ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

በዚህ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ማስላት አይከብድም። 12 ቁጥር የተባለው ጠመንጃ የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለመደበኛው ጥይት በአውሮፓ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 740 ባር ነው። ግፊቱን በቱቦው ክብ ስፋት ብናባዛው የብረቱ ግድግዳ ለቅጽበት 2 ቶን ያህል ክብደት እንደሚሸከም እንረዳለን። ግድግዳው ወደ ኋላ ሲገፋ ፒኑ መንጠቆውን ይጎትታል። ይህ ሲደጋገም፣ በዘይት ውስጥ የሚደበቅ አቧራም ሲታከልበት፣ ፒኑና መንጠቆው ይበላሉ፤ በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከልም ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ከተፈጠረ ደግሞ እያንዳንዱ ተኩስ እንደ መዶሻ ምት ይሆናል፤ መበላት መበላትን ይወልዳል። የቀለሁ ግርጌም ደጋፊ ያጣል። ቀለሁ ከተቀደደ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ የሚያገኘው የተኳሹን ፊት ነው።

ታዲያ ብዙ ገዢዎች የሚመለከቱት ምንን ነው? ከላይ ያለውን የመክፈቻ እጀታ ነው። በአዲስ ጠመንጃ እጀታው ሲዘጋ ከመካከለኛው መስመር በስተ ቀኝ ይቆማል። መቀርቀሪያው እንደ ሽብልቅ ስለሚሠራ፣ በተበላ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል፤ እጀታውም ወደ መካከል፣ ከዚያም ወደ ግራ ያልፋል። ምልክቱ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ የሚናገረው ስለ መቀርቀሪያው እንጂ ስለ ማጠፊያው አይደለም። እጀታው በስተ ቀኝ ቆሞ ማጠፊያው የተበላ ሊሆን ይችላል። እጀታውን ወደ ቀድሞ ቦታው መመለስም ለሠለጠነ እጅ ከባድ አይደለም።

ትክክለኛው ፍተሻ ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ ክፍተትን የሚሸፍነው ዘይት ይጠረጋል። ቱቦዎቹን ወደ ኋላ ገፍቶ ልልነትን የሚደብቀው የፊት እንጨትም ይወልቃል። ጠመንጃው ተዘግቶ በብርሃን ፊት ሲያዝ በቱቦዎቹና በግድግዳው መካከል ብርሃን የሚያሾልክ ከሆነ ማጠፊያው ተበልቷል። ቀስ ተብሎ ሲወዘወዝ የሚንኳኳ ከሆነም መጋጠሚያው ላልቷል። ክፍተቱን መካኒኮች ፊለር ጌጅ በሚሉት ስስ የብረት ቅጠል መለካት ይቻላል። መንጠቆው ላይ የመዶሻ ምልክት ካለ ግን መጠንቀቅ ይገባል፤ ብረቱን ቀጥቅጦ ማሳበጥ ክፍተቱን ለጊዜው ይደፍናል እንጂ አይጠግንም። ትክክለኛው ጥገና ፒኑን መለወጥ ወይም መንጠቆውን በአዲስ ብረት ሞልቶ እንደገና ማገጣጠም ነው።

«ጠመንጃው የፍተሻ ማኅተም አለው» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በ1813 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የበርሚንግሃም የፍተሻ ቤት የመሰሉ ተቋማት ጠመንጃን ከተለመደው በላይ በሆነ ጥይት ፈትነው ማኅተም መምታታቸው ትልቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ተመታበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ስላለፉት ተኩሶች አንዳች አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው ለጠመንጃ ብቻ የሚሆን አይደለም። በቤተ ሙከራችን የምንለካው አብዛኛውን ጊዜ አዲስና ንጹሕ ዕቃ ነው፤ በሕይወታችን የምናገኘው ግን ያረጀና የተበላ ነው። በእኔ እምነት ተማሪ አንድ የተበላ ማጠፊያ፣ አንድ የላላ መዘውር ተሰጥቶት «የቱ ገጽ የቱን ይነካል? የትኛው ተበላ? በምን ያህል?» ብሎ እንዲጠይቅ መለማመድ አለበት። ለመታየት የሚቀለው ምልክት ሁልጊዜ ስለምንጠይቀው ነገር የሚመሰክር አይደለምና፣ ከመፍረዳችን በፊት በሩን ብድግ ሳናደርግ እንዝጋው።