አዲስ ለተገዛ ዓሣ ከመድኃኒት በፊት ውሃው ይታይ

ከሞያሌ ተጭኖ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ናይሮቢ የደረሰ በሬ ከመኪና ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ቢቆም፣ ልምድ ያለው ነጋዴ መርፌ ለማንሳት አይቸኩልም። ጥላ ይፈልግለታል፤ ውሃ በልኩ፣ ድርቆሽ በጥቂቱ ያቀርብለታል፤ እህል ይከለክለዋል። በባዶ ሆድ ላይ የተጫነ እህል ከመንገዱ የባሰ ገዳይ መሆኑን ያውቃል። ይኸው ሰው ከመሃል ከተማ ለልጆቹ ወይም ለምግብ ቤቱ መግቢያ ጥቂት የጌጥ ዓሣ ገዝቶ ኢስሊ ይገባል እንበል። ማታ ዓሦቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ያያል፤ ያኔ ሙያውን ይረሳዋል። ለፍየል ተገዝቶ የተረፈውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ገንዳው ውስጥ ይጨምራል። ጠዋት ዓሦቹ ተገልብጠው ተንሳፈው ይገኛሉ፤ ጥፋቱም «በሽተኛ ሸጠልኝ» ተብሎ ባለሱቁ ላይ ይወድቃል።

ባለሱቁ ከጥፋት ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ የእሱ ጉዳይ ከታች ይመጣል። መጀመሪያ ግን መድኃኒቱ። ዓሣ በገባበት የመጀመሪያ ሌሊት ሲያጣጥር አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ውሃው ነው። አንቲባዮቲክ ክሎሪን አያወጣም፣ አሞኒያ አይቀንስም፣ አየር አይጨምርም። ይባስ ብሎ የገንዳውን ቆሻሻ የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዢየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ከእነሱ ጋር ስለሚጣበቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ እውነተኛ በሽታ ቢኖር እንኳ ገንዳ ውስጥ በግምት ማፍሰሱ ብዙ አይረባም።

የናይሮቢ ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው ከአበርዴር ተራሮች የሚወርደው፣ በንዳካይኒ ግድብ የሚጠራቀመው ነው፤ ማዕድኑ ቀለል ያለ፣ በክሎሪን የታከመ። በፈረቃ ምክንያት ቧንቧው ሲደርቅ ግን ሕንፃው የጉድጓድ ውሃ በቦቴ ይገዛል። የጉድጓዱ ውሃ ብዙ ጊዜ ሶዳነቱ ከፍ ያለ፣ ፍሎራይዱም የበዛ ነው። ሱቁ የቧንቧውን፣ ገዢው የጉድጓዱን ከተጠቀሙ ዓሣው በአንድ ሰዓት መንገድ አገር ቀየረ ማለት ነው። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የተገኙት ሲክሊዶች ሶዳማውን ይወዱታል፤ የአማዞኑ ኒዮን ቴትራ ግን ለስላሳና ወደ አሲድነት ያዘነበለ ውሃ የለመደ ዘር ነው። የቦረና በሬና የደጋ በግ አንድ ዓይነት አያያዝ እንደማይስማማቸው ለቁም እንስሳት ነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ፌስታሉም የራሱ ጉድ አለው። ዓሣው በታሸገ ፌስታል ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ውሃውን አሲዳማ ያደርገዋል፤ ከዓሣው የወጣው አሞኒያም በዚያ አሲድ ውስጥ ጉዳቱ አነስ ባለ መልኩ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ አሞኒያው ወደ መርዛማው መልኩ ይለወጣል። ስለዚህ ብዙ ሰዓት ታሽጎ የመጣ ዓሣ ፌስታሉ ሳይከፈት ገንዳው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተንሳፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከተከፈተ በኋላ ሳይቆይ በመረብ ወደ ገንዳው ይዛወር፤ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ። ከቶም ምቦያ ጎዳና በማታቱ የመጣ፣ ፌስታል ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ የቆየ ከሆነ ግን የገንዳውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ማለማመድ ይቻላል።

ከተማዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውሃዋ የሚይዘው ኦክሲጅን በተመሳሳይ ሙቀት ከሞምባሳው በአምስተኛ እጅ ገደማ ያንሳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ማሞቂያውም አብረው ይቆማሉ፤ የሐምሌ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል፤ አብዛኞቹ የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። (ዓሣ ይዞ አዲስ አበባ ለመግባት የሚያስብ ካለ፣ የፈቃዱ ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን አይርሳ።)

ታዲያ ማታውን ምን ይደረግ? ዓሣው ቀለሙ ደብዝዞ፣ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ከያዘ ብዙ ጊዜ ድንጋጤ ነው። መብራት ይጥፋለት፣ ልጆች መስታወቱን አይምቱ፣ እስከ ማግስቱ ምግብ አይሰጠው። ጤነኛ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ባይበላ አይሞትም፤ ያልተበላ ምግብ ግን በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ውሃው አናት ላይ የሚያለከልክ፣ ስንጥቡን ቶሎ ቶሎ የሚያርገበግብ ከሆነ ግን ጊዜ አይሰጥም። የአየር ፓምፕ ይጨመር፤ ከሌለ የገንዳው ውሃ በኩባያ እየተቀዳ ከላይ ይንቆርቆር። ከሩብ እስከ ሲሶ የሚሆነው ውሃ፣ ሙቀቱ ተመሳሳይ በሆነና ክሎሪኑ በወጣለት ውሃ ይለወጥ። ለዚህ ክሎሪን ማክሸፊያ ጠብታ ከዓሣው ጋር አብሮ መገዛት ነበረበት፤ ካልሆነም በክፍት በርሜል አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ያደረ ውሃ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ገንዳው አዲስ ከሆነ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ የውሃ ቅየራው በአንድ ሌሊት አያበቃም። ነጭ ነጠብጣብ፣ ቁስል ወይም የተበላ ክንፍ ከታየ ያኔ የመድኃኒት ወሬ ይነሳ፤ እሱም ዓሣ ከሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ጋር።

አሁን ወደ ባለሱቁ። ጠዋት የደረሰን ዓሣ ከሰዓት በኋላ መሸጥ፣ ከመኪና የወረደን ፍየል ሳያሳርፉ እንደገና ከመጫን አይለይም። ሻጭ የሚያቀርበው ምክንያት የመሃል ከተማ ኪራይና የመብራት ሒሳብ ነው፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሳምንት ያረፈ፣ መብላት የጀመረ ዓሣ ተጨማሪ ዋጋ ቢጠየቅበት የሚከፍል ገዢ አለ፤ በተለይ የቁም እንስሳት ነጋዴ የጉዞ ኪሳራ ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ አይከራከርም። ገዢውም ዝም ብሎ ቀለም አይምረጥ። ዓሣው ከደረሰ ስንት ቀን ሆነው? ውሃው የቧንቧ ነው የቦቴ? ፊቱ ላይ ምግብ ጣል ይደረግለትና ይታይ። ካልበላ ቀብድ ተከፍሎበት እዚያው ይቆይ፤ በሳምንቱ ተመልሶ መውሰድ ይቻላል።